የሽንት ፊኛን ከውጭ የሚመረምር ብርሃን

የቤተሰብ ዓምድ

በጦር ሰፈር ኑሮ ሰው ስለ ቁስሉ ለመናገር አያፍርም። ጥይት የነካውን እግር፣ ገደል የሰበረውን ክንድ፣ ወባ ያደከመውን ሰውነት ለጓደኛውም ለባለቤቱም ያወራል። ስለ ሽንቱ ግን አፉን አይከፍትም። በሌሊት አራትና አምስት ጊዜ እየተነሣ በብርድ የሚወጣው አባወራ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። ከወሊድ በኋላ ስታስል ወይም ስትስቅ ሽንቷ የሚያመልጣት እመቤትም ከማኅበርና ከሠርግ ቀስ በቀስ እየራቀች «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላለች። በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ አንዱ የሌላውን ሕመም ሳያውቅ ዓመታት ይቆጠራሉ።

የዚህ ዝምታ ምክንያት ኀፍረት ብቻ አይደለም፤ ምርመራውን መፍራትም ጭምር ነው። አንዲት አንባቢያችን በላኩልን ደብዳቤ፣ «ባለቤቴ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ሽንታቸው ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል፤ ሲሸኑም ቀጭንና የሚቆራረጥ ነው። ሐኪም ቤት ይሂዱ ስላቸው ‹ቱቦ ያስገቡብኛል› እያሉ እምቢ አሉኝ። ሰውነት ውስጥ ሳይገባ ፊኛን የሚመረምር መሣሪያ በዓለም ላይ የለምን?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ በመሆኑ የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥተነዋል። መልሱ ባጭሩ፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ ተሠርቷል፤ የሚሠራውም በብርሃን ነው። ይሁን እንጂ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ፣ የት እንደ ደረሰና ምን እንደሚቀረው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፊኛ ምን ዓይነት አካል ነው?

ኩላሊቶቻችን ደምን እያጣሩ በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚደርስ ሽንት ያመነጫሉ። ይህም ሽንት በሁለት ቀጫጭን ቦዮች ወርዶ በፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል። ፊኛ ተራ ከረጢት አይደለም፤ ግድግዳው ጡንቻ ነው። በሚሞላበት ጊዜ ጡንቻው ይላላል፤ የሽንት በር የሚባለው ሌላው ጡንቻ ደግሞ ጠብቆ ይዘጋል። የጤነኛ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ ሊትር ያህል መያዝ ይችላል። የመሽናት ስሜት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ጊዜው ሲደርስ የፊኛው ጡንቻ ይኮማተራል፤ በሩም በዚያው ቅጽበት ይከፈታል። ይህንን ሁሉ የሚያስተባብሩት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሚያልፉ ነርቮች ናቸው።

ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ብዙውን ጊዜ ፕሮስቴት የተባለው ዕጢ ያድግባቸውና የሽንቱን መውጫ ያጠብባቸዋል። የፊኛው ጡንቻም ጠባቡን በር ለማስከፈት አብዝቶ ይገፋል፤ ሲገፋ ይደድራል፤ ውሎ አድሮም ይደክማል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቀጭንና የሚቆራረጥ ሽንት ከሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሊመጣ ይችላል። አንደኛው የበሩ መጥበብ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጡንቻው መድከም ነው። ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። በሩ ለጠበበበት ሰው የሚጠቅመው ቀዶ ሕክምና፣ ጡንቻው ለደከመበት ሰው ያን ያህል ላይጠቅመው ይችላል። ሐኪም ምርመራ የሚያዝዘውም ሁለቱን ለመለየት ነው።

የተለመደው ምርመራ

አንባቢያችን ለባለቤታቸው ሊያስረዷቸው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር፣ የፊኛ ምርመራ ሁሉ ቱቦ ማስገባት አለመሆኑን ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ሆድን ዳስሶ ያያል፤ ሽንት በላቦራቶሪ ያስመረምራል። ቀጥሎም ታማሚው በመለኪያ ዕቃ ውስጥ እየሸና የሽንቱ ፍጥነት ይለካል። ከሸና በኋላ በፊኛው ውስጥ የቀረውን መጠን ደግሞ በአልትራሳውንድ ከሆድ በላይ ማየት ይቻላል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ወደ ሰውነት የሚገባ ነገር የለም።

ቱቦ የሚያስፈልገው ጉዳዩ በነዚህ ሳይለይ ሲቀር ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ በኩል ወደ ፊኛ፣ ሌላ ቀጭን ቱቦ ደግሞ በፊንጢጣ ገብቶ፣ ፊኛው በንጹሕ ውኃ እየተሞላ ግፊቱ ይለካል። ግፊቱ ብዙ፣ ፍሰቱ ግን ጥቂት ከሆነ በሩ ጠቧል ማለት ነው። ግፊቱም ፍሰቱም ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ጡንቻው ደክሟል። ይህ ምርመራ እስካሁን ዋነኛው ማመሳከሪያ ነው። በእርግጥ ምቾት ይነሣል፤ አልፎ አልፎም የሽንት ቦይ ቁስለት ሊያስከትል ይችላል። ከዚህም በላይ ውድ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚጠይቅ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ እንዲሹ ያነሣሣቸውም ይኸው ነው።

ብርሃን ሥጋን አልፎ የሚያየው እንዴት ነው?

ወታደር ሁሉ በዘብ ሌሊት ያየው ነገር አለ። የበራ ባትሪ በመዳፍ ሲሸፈን በጣቶች መካከል ደማቅ ቀይ ብርሃን ያፈተልካል። የባትሪው ብርሃን ነጭ ሆኖ ሳለ ቀዩ ብቻ የሚወጣው፣ ደማችን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን ውጦ ቀዩን ስለሚያሳልፍ ነው። ከቀዩ ባሻገር ደግሞ ዓይናችን የማያየው፣ በሥጋ ውስጥ ከቀዩም ይልቅ ዘልቆ የሚሄድ ብርሃን አለ። ይህም ታሕተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ ይባላል። መኖሩን ያወቀው ዊልያም ኸርሸል የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ከፋፍሎ ከቀዩ ቀለም ውጭ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ከፍ ብሎ አገኘው።

ለቀይ ቀለም የሚቀርበው የዚህ ብርሃን ክፍል ለቤታችን እንግዳ አይደለም። የቴሌቪዥን መቈጣጠሪያ ትእዛዙን የሚልከው በዚሁ ነው። የወታደሩ የሌሊት መነጽርም ይህንኑ ብርሃን ይጠቀማል።

ወደ ሕክምና ያመጡት በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲው ፍራንስ ዮብሲስ ናቸው። ሊቁ ራሳቸው እንደ ተናገሩት፣ ሐሳቡን ያጠናከረላቸው ከቤታቸው ማዕድ የተገኘ ጠፍጣፋ የበሬ አጥንት ነው። አጥንቱ ወደ ብርሃን ሲነሣ ቀዩ ብርሃን አልፎት መታየቱን አስተዋሉ። አጥንትን ካለፈ የራስ ቅልንም ያልፋል ብለው አሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1977ም የአንጎልንና የልብን የኦክሲጅን ይዞታ ከውጭ በብርሃን መከታተል እንደሚቻል በጽሑፍ አሳወቁ።

ምሥጢሩ በደማችን ውስጥ ነው። ደማችንን ቀይ ያደረገው ሄሞግሎቢን ኦክሲጅንን ተሸክሞ ይሄዳል። ኦክሲጅን የያዘውና ኦክሲጅኑን አራግፎ የሚመለሰው ሄሞግሎቢን ብርሃንን የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው። ስለዚህ ከ700 እስከ 900 ናኖ ሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዓይነት ብርሃን ልኮ፣ የተመለሰውን በመለካት፣ በዚያ ቦታ ያለው ደም ምን ያህል እንደ ሆነና ምን ያህል ኦክሲጅን እንደ ያዘ ማስላት ይቻላል። በኮቪድ 19 ጊዜ ብዙዎቻችን ያወቅነው፣ በጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክሲጅን መለኪያም የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው።

ከጣት ወደ ፊኛ

ይህንን ብርሃን ለፊኛ ምርመራ በማዋል በሰፊው የሠሩት በካናዳ፣ በቫንኩቨር ከተማ የሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል የሕፃናት ሐኪሙ ዶክተር አንድሩ ማክናብ፣ የሽንት አካላት ሐኪሟ ዶክተር ሊን ስቶዘርስና ዶክተር ባባክ ሻድጋን ይገኙበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብርሃን አመንጪና ብርሃን ተቀባይ የያዘች ትንሽ ዕቃ ከእምብርት በታች፣ ከብልት በላይ ካለው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብላ በቆዳ ላይ ትለጠፋለች። ብርሃኑ ቆዳውን አልፎ ይገባል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል ዘልቆም እንደ ቀስት ታጥፎ ወደ ተቀባዩ ይመለሳል። ታማሚው ልብሱን እንደ ለበሰ፣ እንደ ልማዱ ይሸናል። መሣሪያዋም ከመሽናቱ በፊት፣ በሚሸናበት ጊዜና ከዚያ በኋላ በፊኛው ጡንቻ ውስጥ ያለው ደምና ኦክሲጅን እንዴት እንደ ተለዋወጠ ትመዘግባለች። ሕመም የለውም፤ ጨረሩም የራጅ ዓይነት አይደለም።

ይህ ለውጥ ስለ በሩ የሚናገረው ምንድን ነው? ዳገት የሚወጣ ወታደር በሜዳ ላይ ከሚሄደው ይልቅ ትንፋሹ እንደሚያጥረው ሁሉ፣ በጠበበ በር ላይ የሚገፋ ጡንቻም ኦክሲጅኑን ቶሎ ይጨርሳል፤ በጥብቅ በተኮማተረው ግድግዳ ውስጥም ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም። የቫንኩቨር ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በሩ ባልጠበበባቸው ሰዎች ሽንት በሚወርድበት ጊዜ በጡንቻው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን የያዘ ደም የመጨመር ባሕርይ ሲኖረው፣ በጠበበባቸው ላይ ግን የመቀነስ ባሕርይ ታይቶበታል።

ለቆሰለው ወታደር

ለሠራዊት ቤተሰብ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚቀርብ ጉዳይ አለ። ኅብለ ሰረሰሩ የተመታ ሰው እግሮቹን ብቻ ሳይሆን የፊኛውንም ስሜት ሊያጣ ይችላል። ፊኛው ሲሞላ አይሰማውም። ሳይሰማው ከመጠን በላይ ሲሞላ ሽንቱ ወደ ኋላ ገፍቶ ኩላሊቱን ይጎዳል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንዲህ የቆሰሉት ወታደሮች አብዛኞቹ ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር፤ ዋነኞቹ ገዳዮችም የሽንት አካላት ምርቀዛና በመተኛት ብዛት የሚመጣ ቁስል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የጀርባ ጉዳተኞችን ክፍል የከፈቱት ሉድቪግ ጉትማን ፊኛን በየጊዜው በንጹሕ ቱቦ ማስሸናትን ከጥብቅ ንጽሕና ጋር በማስለመዳቸው የብዙ ወታደሮች ሕይወት ተረፈ። እንግዲህ አንባቢያችን እንደሚያስተውሉት፣ ያ የተፈራው ቱቦ ለብዙዎች የሕይወት ባለውለታ ነው።

ብርሃን እዚህም የሚረዳበት መንገድ እየተፈለገ ነው። ሽንት በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ 970 ናኖ ሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ይውጣል። በመሆኑም ፊኛ በሞላ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ይለወጣል። በዚህ መርሕ በመመሥረት በካሊፎርኒያ፣ በዴቪስ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሆድ ላይ ተለጥፎ የፊኛን መሙላት ለሕመምተኛው የሚያስታውቅ መሣሪያ ሠርተው ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። የቫንኩቨሮቹም በ2014 ተመሳሳይ ዓላማ ያለውን ገመድ አልባ መሣሪያ ሙከራ አቅርበዋል።

ያልተፈቱ ችግሮች

የምሥራቹን ስንናገር ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም። ታማሚው ሲንቀሳቀስ ወይም ሲያምጥ ልኬቱ ይዛባል። የሆዱ ስብ በወፈረ ሰው ላይ ብርሃኑ እስከ ፊኛው ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። አንዳንድ ጥናቶች ከግፊት ምርመራው ጋር መልካም ስምምነት ሲያገኙ፣ ሌሎች ያን ያህል አላገኙም። በዚህም የተነሣ የብርሃኑ ምርመራ ቱቦውን ገና አልተካውም፤ በአብዛኛው በምርምር ሥራ ላይ የሚውል ነው።

ለእኛ ለአፍሪካውያን ሌላም ጥያቄ አለ። የቆዳችንን ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃንን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ የጥቁሮችን የኦክሲጅን እጥረት ሳያሳይ የሚቀርበት ጊዜ ከነጮቹ ይልቅ የበዛ ነበር። ስለዚህ የፊኛውም መሣሪያ በነጭ ቆዳ ላይ ብቻ ተሞክሮ ወደ እኛ ቢመጣ አይበቃም፤ በእኛው ቆዳ ላይ መፈተን ይኖርበታል።

ከፓርክላንድስ እስከ ሞያሌ

በሞያሌ የምትኖር አንዲት የወታደር ሚስት ለፊኛዋ ከፍተኛ ምርመራ ቢታዘዝላት ወዴት ትሄዳለች? ወደ ሰሜን አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ ደቡብም ናይሮቢ እንዲሁ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በናይሮቢ የፓርክላንድስ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተው የአጋ ካን ሆስፒታል ይገኛል፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሆኖ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። የኤም ፒ ሻህ ሆስፒታልም ከዚያው ሰፈር ነው። ከጎረቤት አገሮች ሳይቀር ሕሙማን ወደ እነዚህ ቦታዎች ይጓዛሉ። ነገር ግን የጉዞው፣ የማደሪያውና የምርመራው ወጪ ለደመወዝተኛ ቤት የሚቀል አይደለም፤ ልጆችንም ለጎረቤት ጥሎ መሄድ አለ።

የብርሃኑ መሣሪያ ትልቁ ተስፋ እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ነው፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ በቦርሳ ተይዞ ወደ ገጠር ሊሄድ ይችላል። ሰውነት ውስጥ የማይገቡ የምርመራ መሣሪያዎች ወደ ገጠር አካባቢዎች እንዲደርሱ ግን ምርምርና መመሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው ተፈትኖ ከበቃ፣ ታማሚዋ ወደ ፓርክላንድስ በመጓዝ ፈንታ ምርመራው ወደ ሞያሌ ሊመጣ ይችል ይሆናል።

እስከዚያው ግን አገራችን በዚህ መስክ ባዶ እጇን አይደለችም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል፣ በተራዘመ ምጥ ምክንያት ፊኛቸው ተቀዶ ሽንታቸው ሳያቋርጥ የሚፈሳቸውን እናቶች በነጻ ያክማል። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋ ዓለም፣ በሐረርና በመቱም ቅርንጫፎች ተከፍተዋል። ቀዳዳው ያለበትን ለማወቅም ረቂቅ መሣሪያ ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ፊኛው ቀለም በተቀላቀለበት ውኃ ተሞልቶ ቀለሙ የሚወጣበት ቦታ ይታያል።

ዛሬ በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መዝግቡ። ለሦስት ቀናት ያህል የተሸናበትን ሰዓት፣ ምልክት ባለው ጣሳ ወይም ኩባያ የተለካውን መጠን፣ የተጠጣውን ውኃ፣ ሻይና ቡና እንዲሁም ሽንት ያመለጠበትን ጊዜ በደብተር ጻፉ። ይህች ደብተር ለሐኪሙ ብዙ ትናገራለች፤ ዋጋዋም የአንድ እርሳስ ነው።

ሁለተኛ፣ ሽንት እንዳይበዛ በማለት ውኃ አትከልክሉ። በተለይ በቆላ የጦር ሰፈር ውኃ ማነስ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ጠጠርም ያመጣል። ይልቅ ሌሊት ለሚነሣ ሰው ከመኝታ በፊት ባሉት ሰዓታት ሻይና ቡናን መቀነስ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛ፣ ሲያስሉ ወይም ዕቃ ሲያነሡ ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች፣ ሽንትን እንደሚይዙ ሁሉ የታችኛውን ጡንቻ ጥቂት ሰኮንድ አጥብቆ መልቀቅን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አሥር አሥር ያህል ቢለማመዱ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ውጤቱ እስከ ሦስት ወር ድረስ ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ።

አራተኛ፣ የማይዘገይበትን ምልክት እወቁ። ሽንት ፈጽሞ እምቢ ካለና ሆድ ከተወጠረ፣ ትኩሳትና የጎን ሕመም አብሮ ከመጣ፣ ወይም በድንገት እግር ዝሎ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል። ከወሊድ በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈሳት እናትም ሳትውል ሳታድር ትታይ። ደም የተቀላቀለበት ሽንት ሕመም ባይኖረውም እንኳ መመርመር አለበት። በአዋሽ ሸለቆ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በኩርሙክ አካባቢ በውኃ ውስጥ የቆየ ሰው ይህን ካየ፣ ፊኛን የሚያጠቃው ቢልሃርዚያ ሊሆን ይችላልና የት እንደ ነበረ ለሐኪሙ ይንገር። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያድነዋል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ለባለትዳሮች ነው። ሐኪም ቤት ለመሄድ የሚያፍር ሰው ብቻውን እንዲሄድ አይተው፤ ባለቤቱ አብራው ትሂድ፣ እርሷም ስትታመም እርሱ አብሯት ይሂድ። ቱቦ ቢታዘዝም ለምን እንደ ታዘዘ፣ ሳይገባ የሚደረግ ሌላ ምርመራ እንዳለም ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁ፤ መጠየቅ መብት ነው። የብርሃኑ መሣሪያ ከደጃችን እስኪደርስ ድረስ ፊኛ ከውጭ የሚታወቀው በባለቤቱ ቃል ነው። ቃሉ በቶሎ ከተነገረ ኩላሊት ሳይጎዳ፣ ጡንቻም ሳይዝል ብዙው ሕመም ይታከማል።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ የቤተሰብ ጉዳይ እስክንገናኝ ጤና አይለያችሁ።